እንግዳ ሲሄድ ማን ይቀራል?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምነግራችሁ ሰው አገር ሄዳ ለማገልገል ስላሰበች አንዲት ቤተ ክርስቲያንና ስለ አንዲት ትልቅ ከተማ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ የእኛው ናት፤ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ካሉት የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ። ከተማዋ ደግሞ በሕንድ ምሥራቅ፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር የተዘረጋችው ኮልካታ ናት፤ ብዙዎቻችን በድሮ ስሟ ካልካታ እያልን የምንጠራት።

ነገሩን የጀመሩት ወጣቶቻችን ናቸው። እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ፣ ለድሀ መድረስ የሚፈልጉ ልጆች፣ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎች ፊት ቀርበው ሐሳባቸውን ዘረጉ። በሰኔና በሐምሌ የትምህርት ዕረፍት ሠላሳ ሆነው ሕንድ ሊሄዱ፣ ሁለት ሳምንት ሊቆዩ፣ ግድግዳ ሊቀቡ፣ ከሕፃናት ጋር ሊጫወቱና ሊዘምሩ፣ ያዋጡትንም ገንዘብ እዚያው ላገኙት ችግረኛ ሊሰጡ ነው። ሽማግሌዎቹ ልጆቹን መረቁ። ነገር ግን ሙሴ እንኳ ሕዝቡ ወደ ከነዓን ከመግባቱ በፊት ምድሪቱን የሚያዩ ሰዎች ልኮ የለም? እኛም አስቀድሞ የሚያይ ይሂድ ተባለ። መጋቢያችን፣ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ሽማግሌ፣ በሆስፒታል ብዙ ዘመን ያገለገለች ነርስ እና ያየነውን ሁሉ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ተመረጥን።

«ለምን ኮልካታ? አዲስ አበባ ምን አነሳት?» ያሉ ነበሩ። የመለሰችላቸው ነርሷ ናት። በተማሪነቷ ዘመን ስድስት ኪሎ ወዳለው የማዘር ቴሬዛ ቤት እየሄደች ሕሙማንን ታጥብ፣ ታጎርስ ነበር። እነዚያ ነጭ ሳሪ ለባሽ እህቶች አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1973፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጨረሻ ነው። አብዮቱ መጣ፣ ረሀቡ መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ እነሱ ግን ከበሽተኛው አጠገብ አልተነሡም። «እነዚያን ሴቶች ለዚህ ያበቃቸው ምን እንደሆነ ከምንጩ ማየት እፈልጋለሁ» አለች። በዚሁ ተስማማን።

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ማዘር ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1910 ስኮፕዬ ከተማ ከአልባኒያውያን ቤተሰብ ተወለዱ። በ1929 ገና ወጣት ዕጩ መነኩሲት ሳሉ ሕንድ ገቡ፤ ኮልካታ ውስጥ እንታሊ በሚባለው ሰፈር በሎሬቶ እህቶች ትምህርት ቤት ሴት ልጆችን ሲያስተምሩ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1946 ወደ ዳርጂሊንግ በሚወጣው ባቡር ላይ ሳሉ፣ ገዳሙን ትተሽ ከድሆች ጋር ኑሪ የሚል ጥሪ በልባቸው መጣ። ፈቃዱ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ገደማ ጠበቁ። በ1948 ርካሽ ነጭ ሳሪ ለብሰው ከትምህርት ቤቱ ወጡ።

ታዲያ ከዚያ ወጥተው ወዴት የሄዱ ይመስላችኋል? ቀጥታ ወደ ድሆች ሰፈር አልነበረም። መጀመሪያ ፓትና ወደምትባል ከተማ ሄደው፣ ሆስፒታል ከሚያስተዳድሩ መነኮሳት ዘንድ ተቀምጠው ሕክምና ተማሩ። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ማዋለድ ተለማመዱ። አገሩን ሃያ ዓመት ገደማ ኖረውበታል፤ ቋንቋውን ይናገራሉ፤ እንዲያም ሆኖ የሚጎድላቸውን ተምረው ነው ወደ ሰፈሩ የተመለሱት። መጋቢያችን ይህን ሲሰሙ ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። በ1950 ማዘር ቴሬዛ የመሠረቱት የእህቶች ማኅበር በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናቸው ዘንድ ታወቀ። በ1952 የከተማው አስተዳደር ካሊጋት በሚባለው ሰፈር፣ ከካሊ ቤተ ጣዖት አጠገብ፣ የተሳላሚዎች ማረፊያ የነበረውን ሕንፃ ሰጣቸው። መንገድ ዳር የወደቁት፣ የሚሞቱበት ጣራ ያጡት ሰዎች የሚገቡበት ቤት ሆነ። ኒርማል ሪዳይ ይባላል።

እንግዲህ ኮልካታ ገባን። የእህቶቹ ዋና ቤት የሚገኘው አውቶቡስና ታክሲ በሚጋፉበት በአቻሪያ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ ጎዳና ላይ ነው። በር ላይ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፤ ውስጥ ግን የማዘር ቴሬዛ መቃብር ያለ ጌጥ በነጭ ድንጋይ ተሠርቶ፣ እህቶቹ በየጊዜው በቢጫና በብርቱካናማ አበባ እያሰመሩበት ይገኛል። በጎ ፈቃደኞች ማለዳ እዚያ ይሰበሰባሉ። ዳቦ፣ ሙዝና በወተት የፈላ ሻይ ይቀርባል፤ ይጸለያል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ተመደበበት ቤት ይሄዳል። ከጃፓን የመጣ ተማሪ አለ፤ ከስፔን የመጡ ጡረተኞች አሉ። ማንም ማን እንደሆንክ አይጠይቅህም፤ ፕሮቴስታንት መሆናችንም አላስጨነቃቸውም።

እኛ የተመደብነው ፕሬም ዳን ወደሚባለው ቤት ነው። የኬሚካል ኩባንያ የነበረ ሰፊ ግቢ ነው፤ ዛሬ የሚጦራቸው ያጡ ሕሙማንና አረጋውያን ይኖሩበታል። ነርሷ እህታችን ጓንቷን ይዛ፣ ቁስል ወደሚታጠብበት ክፍል እንደሚልኳት ተማምና ነበር። ኃላፊዋ እህት ግን በትሕትና ወደ ልብስ ማጠቢያው አመለከተቻት።

ልብስ ማጠቢያውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የሲሚንቶ ገንዳዎች ተደርድረዋል። በመጀመሪያው የቆሸሸው አንሶላ ይዘፈዘፋል፤ በሁለተኛው በሳሙና ይታሻል፤ ከዚያ ወዲያ ውኃው እስኪጠራ ይለቀለቃል። ብርድ ልብሱ ውኃ ሲጠጣ ለአንድ ሰው አይነሣም። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይይዘዋል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይጠመዝዛል፤ ውኃው በክንድ ላይ እየወረደ ደረት ያርሳል። የተጨመቀው በባልዲ ጣራ ላይ ወጥቶ ገመድ ላይ ይሰጣል። ነርሷን ያጣመሯት ከአንዲት የሰፈሩ ተቀጣሪ ጋር ነው። እነዚህን ሴቶች ሁሉም ማሺ ይላቸዋል፤ በእኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ማሺዋ እንግሊዝኛ አትችልም። የነርሷን እጅ ይዛ አያያዟን አስተካከለችላት፤ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋ ብትይዘው እንደማያመልጥ አሳየቻት። ሴትዮዋ ያንን ሥራ ለዓመታት ሠርታዋለች፤ እኛ ስንሄድም ትሠራዋለች።

በሻይ ሰዓት ነርሷ እጇ ተጨማትሮ አጠገባችን ተቀመጠች። «ጋሼ» አለች ሽማግሌውን፣ «የሕሙማኑን ቋንቋ አላውቅም፤ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አላውቅም። ዛሬ ክፍል ውስጥ ቢያስገቡኝ ኖሮ የምጠቅመው ማንን ነው? ኃላፊዋ እህት እኮ ልክ ናት።» ሽማግሌውም «ልጄ፣ ያዘዘሽ እኮ ቤቱን የሚያውቀው ነው» አሏት።

ካሊጋትንም አየን። በአንድ ወገን ወንዶች፣ በሌላው ሴቶች ዝቅ ባሉ አልጋዎች ላይ ተኝተዋል። ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም። ይህንን ለወጣቶቻችን ደግሜ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። የሚሞት ሰው ፊት የማንም ማስታወሻ አይደለም። ነርሷ ስለዚህ ቤት የተጻፈውን ነቀፌታ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1994 የላንሴት የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ የነበሩት ሮቢን ፎክስ ጎብኝተውት፣ የምርመራው ሥርዓትና የሕመም ማስታገሻው ነገር እንዳላረካቸው ጽፈዋል። ይህን የምላችሁ ቤቱን ለማሳጣት ብዬ አይደለም። ፍቅር ባለበት ሁሉ ሙያ ይሟላል ማለት እንዳልሆነ ልብ እንድትሉ ነው። ግን እዚህም ቢሆን ሙያውን የሚያሟላው ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚሄድ ሰው አይደለም። ሰንብቶ፣ ቋንቋ ተምሮ፣ የቤቱን ሰዎች እምነት አግኝቶ የሚያሠለጥን ነው።

ከዚያ በባቡር ወደ ሰሜን፣ ቲታጋር ሄድን። በባቡር ሐዲዱ ዳር ማዘር ቴሬዛ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቋቋሙት ማእከል አለ፤ በማኅተማ ጋንዲ ስም ይጠራል። ከሩቅ የሚሰማው የሽመና ዕቃ ድምፅ ነው። ጣቶቻቸውን በሽታው የበላባቸው ሰዎች ድር ዘርግተው፣ መወርወሪያውን በመዳፋቸው እየላኩ፣ ነጭ ጨርቅ ይሸምናሉ፤ ጠርዙ ላይ ሦስት ሰማያዊ መስመር ያስገባሉ። በዓለም ዙሪያ ያሉት እህቶች የሚለብሱት ሳሪ የሚመጣው ከዚህ ነው። ነርሷ ጨርቁን ዳሰሰችው። ስድስት ኪሎ አጠገቧ ቆመው ሕሙማንን ያጥቡ የነበሩት እህቶች የለበሱት ይሄንኑ እንደነበር ያኔ ገባት። ሰው ሁሉ ሸሽቷቸው የነበሩ ሕሙማን ድፍን ማኅበሩን ያለብሳሉ። ተረጂ ብቻ የሚባል ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አላየንም፤ ሁሉም የሚሠራው አለው።

ከቲታጋር ጥቂት አልፎ ባራክፖር አለ፤ ከባራክፖር ወንዙን በጀልባ ስትሻገሩ ሴራምፖር ናችሁ። እኛ ወንጌላውያን ይህን ቦታ ሳናይ ብንመለስ ይቆጨን ነበር። የእንግሊዙ ጫማ ሰሪ ዊልያም ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1793 ቤንጋል ገባ። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሚስዮናውያን በግዛቱ እንዲሠሩ አይፈልግም ነበርና በ1800 የዴንማርክ ይዞታ ወደነበረችው ወደ ሴራምፖር ተሻገረ። ከጆሹዋ ማርሽማንና ከዊልያም ዋርድ ጋር ማተሚያ ቤት ከፈቱ፤ በ1801 የቤንጋሊ አዲስ ኪዳን ታተመ። በ1812 ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ፤ የብዙ ዓመት የትርጉም ሥራ አመድ ሆነ። ኬሪ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በ1818 የመሠረቱት ኮሌጅ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ኬሪ በ1834 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አገሩ አልተመለሰም።

ታሪኩን ስንሰማ የምንይዘው የኬሪን ስም ብቻ ነው። ነገር ግን ቤንጋሊን ያስተማረው ራምራም ባሱ የሚባል የአገሩ ሊቅ ነው። የቤንጋሊን ፊደል በብረት የቀረጸው ፓንቻናን ካርማካር የሚባል አንጥረኛ ነው። በ1800 መጨረሻ ተጠምቆ ለወገኖቹ የመሰከረው ክሪሽና ፓል አናጢ ነበር። ጫማ ሰሪው ከአንጥረኛውና ከአናጢው ጋር ባይቆም ኖሮ ያ ሁሉ መጽሐፍ ባልታተመ ነበር።

ኮልካታ ተመልሰን ሌሎች ሁለት ሥራዎችን ጎበኘን። አንደኛው በፓርክ ጎዳና ያለው ሆስፒታል ነው። ካናዳዊው የጴንጤቆስጤ ሚስዮናዊ ማርክ በንተን ከባለቤታቸው ከሁልዳ ጋር እ.ኤ.አ. በ1954 ኮልካታ ገቡ። ለተራቡ ማብላት ጀመሩ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1977 ሆስፒታሉ ሥራ ጀመረ። ማርክ በ1989 ሲያርፉ ሁልዳ ሥራውን ይዘው ቀጠሉ። ዛሬ በሽተኛውን የሚያዩት ሐኪሞችና ነርሶች ሕንዳውያን ናቸው።

ሁለተኛው ሶናጋቺ ውስጥ ነው። ሶናጋቺ በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ሴቶች በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ከኒውዚላንድ የመጡ ኬሪ ሂልተን የሚባሉ ሰው ከባለቤታቸው ከአኒና ከልጆቻቸው ጋር ቤት ተከራይተው ሲገቡ የሰፈሩን ነገር አላወቁም ነበር ይባላል። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲነጋገሩ ግን የሴቶቹ ጥያቄ ግልጽ ሆነላቸው፤ ሌላ ሥራ ነው የሚፈልጉት። በ2001 ፍሪሴት የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ቤንጋል የጁት ቃጫ አገር ነችና ሴቶቹ የጁት ቦርሳ እየሰፉ ደመወዝ መብላት ጀመሩ። ማንበብ ይማራሉ፤ በራሳቸው ገቢ ቤት ያስተዳድራሉ። መጋቢያችን «ወጣቶቻችን እዚህ መጥተው ምን ሊሠሩ ይችላሉ?» ብለው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ ቀላል ነበር፦ ቦርሳውን ገዝታችሁ አገራችሁ ሽጡልን።

ያሳዘነንንም ልንገራችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ወሰዱን። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ተሰልፈው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ዘመሩልን፤ እየሮጡም መጥተው አንገታችን ላይ ተጠመጠሙ። እንደኛ ያለ ቡድን በየወሩ እንደሚመጣ አስተናጋጃችን በኩራት ነገረን። አንዲት ትንሽ ልጅ የነርሷን እጅ ይዛ አለቅም አለች። ነርሷ ያን ሌሊት አልተኛችም። «ፓስተር» አለች በማግስቱ፣ «ይቺ ልጅ ስንት ሰው እንዲህ እንደያዘችና ስንቱ ትቷት እንደሄደ አስቡት። የእኛ ሠላሳ ልጆች መጥተው ሁለት ሳምንት ሲወዷት ሰንብተው ሲሄዱ ምን ትሆናለች?» ከልጆቹም መካከል ወላጅ ያላቸው እንዳሉ በጨዋታ መሐል ሰማን። ድህነት ነው ያመጣቸው። ለቤተሰቡ የሚደርስ እርዳታ ልጁን ቤቱ ያስቀረዋል፤ ለማሳደጊያው የሚጎርፍ የእንግዳ ገንዘብ ግን ልጁን ከቤቱ ይጠራዋል። ይህን ያየ ሰው ከሕፃናት ጋር መጫወት የሚለውን መስመር ከዕቅዱ ያወጣዋል፤ እኛም አወጣን።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በቱሪስት ቪዛ ሕንድ ገብቶ መስበክ ክልክል ነው፤ ለዚያ ሥራ ራሱን የቻለ የሚስዮናዊ ቪዛ አለ። የገንዘቡ ነገር ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከውጭ ዜጋ የሚሰጥ መዋጮ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ ይገዛል። በ2020 ሲሻሻል ተቀባዩ ድርጅት ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ኒው ዴልሂ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ባንክ ቅርንጫፍ የተከፈተ ሒሳብ እንዲኖረው ግድ ሆነ፤ የተቀበለውንም ለሌላ ድርጅት ማስተላለፍ ተከለከለ። በ2021 ታኅሣሥ የማዘር ቴሬዛ ማኅበር ራሱ ፈቃዱ ሳይታደስለት ቀርቶ፣ በጥር 2022 ነው የተመለሰለት። እንግዲህ በፖስታ የታሸገ ዶላር በፍቅር ለአስተናጋጅህ እጅ ስታስጨብጠው ሥራውን ሁሉ አደጋ ላይ ልትጥልበት ትችላለህ። የአየሩም ነገር አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም የዝናብ ወራት ነው። ጎዳናው በውኃ ይሞላል፤ ጣራ ላይ የተሰጣው ብርድ ልብስም አይደርቅም። ልጆቻችን ሊመጡ ያሰቡት በዚያው ወቅት ነው።

ስንመለስ ሽማግሌው ጉባኤው ፊት ቆመው የተናገሩት ከሁላችን ይልቅ ሰው ልብ ውስጥ ገባ። እሳቸው የወላይታ ሰው ናቸው። ሚስዮናውያን ወላይታ ገብተው ጥቂት ዓመታት እንዳስተማሩ ጣሊያን ወረረን፤ እ.ኤ.አ. በ1937 አስወጣቸው። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። በእስር፣ በግርፋት መሐል ወንጌሉን ከመንደር መንደር ያደረሱት የአገሩ ሰዎች ናቸው። «ልጆቼ» አሉ ሽማግሌው፣ «እኛ ሚስዮናዊ የመጣልን ሕዝብ ነን። ሚስዮናዊው ሲሄድ የቀረው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሕንድም ያለው እንደዚያው ነው። የሚቀረውን ሰው እያሰባችሁ ሂዱ።»

ወጣቶቹ አላኮረፉም፤ እንዲያውም የሽማግሌው ቃል ይበልጥ አነሣሣቸው። ዕቅዱን ራሳቸው እንደገና ጻፉት። ሠላሳው በአንድ ጊዜ መሄዱ ቀረ። ከዝናቡ ወራት ውጭ፣ አራት አራት እየሆኑ፣ ትምህርታቸውን የጨረሱ፣ መሠረታዊ ቤንጋሊ የተማሩ፣ ልብስ እጠቡ ቢባሉ የሚያጥቡ ይሄዳሉ፤ የሚቆዩትም አስተናጋጁ በሚወስነው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ከእኛ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አረጋውያንን በየሳምንቱ እየጎበኙ ያገለግላሉ፤ እዚህ ያልተለማመደ እዚያ አይለምድምና። ለሠላሳ የአውሮፕላን ትኬት ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ደግሞ አብዛኛው ፈቃድ ባለው ሒሳብ በኩል ለአገሩ ተወላጅ ሠራተኞች ሥልጠና እንዲውል ተወሰነ። ጉባኤው የሶናጋቺን ቦርሳ አዝዞ በእሑድ ቀናት ይሸጣል።

እናንተም ሰው አገር ሄዳችሁ ልታገለግሉ የምታስቡ ወገኖቼ ሁሉ፣ በአሜሪካም ሁኑ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገር፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለአየር መንገድ አትጻፉ። ሥራውን ለያዙት ሰዎች ጻፉ። ለምን ያህል ጊዜ፣ ስንት ሰው፣ ምን የሚችል ሰው እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። ላሁኑ አትምጡ ካሏችሁ አትሂዱ፤ በሚጠይቋችሁ ሌላ መንገድ እርዷቸው። ኑ ካሏችሁ የሚሰጧችሁን ሥራ ሥሩ፤ ስትመለሱም በየወሩ ምን እንደጎደላቸው እየጠየቃችሁ ለዓመታት አብራችኋቸው ቁሙ።